ለቤት ንድፍ የምንከፍለው ገንዘብ የምን ዋጋ ነው?



ቤት መሥራት ለአብዛኞቻችን በዕድሜያችን አንድ ጊዜ የሚገጥመን ጉዳይ ነው። ገንዘቡም ከደመወዝ ተቆንጥሮ፣ ከዕቁብ ወጥቶ፣ ዐረብ አገር ያለች እኅት ልካው የተጠራቀመ ነው። ስለዚህ አርክቴክት ዘንድ ሄደን የንድፉን ዋጋ ስንሰማ ብዙዎቻችን እንደነግጣለን። «ለወረቀት ይህን ያህል?» እንላለን። በዚህ ገንዘብ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚገዛ ማስላት እንጀምራለን።

እኛም እንዲህ ስንል ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባችን ቤት ሊሠራ ተነሥቶ ሲያማክረን፣ «ወረቀት ነው፤ ገንዘብህን ለብረት አስቀምጥ» ብለን መከርነው። እርሱም ምክራችንን ተቀብሎ የአንድ ጎረቤቱን ንድፍ በርካሽ አስገልብጦ ሥራ ጀመረ። የጎረቤቱ ቦታ ሜዳ ነበር፤ የእርሱ ግን ተዳፋት ነው። መሠረቱ ሲቆፈር በታችኛው በኩል ግንቡ ከታሰበው በላይ ከፍ ማለት ግድ ሆነበት። የመጸዳጃው ጉድጓድ ደግሞ ከቤቱ በላይ በኩል ስለወደቀ፣ ፍሳሹ ወደ ላይ ሊሄድ አይችልምና ቦታው ተለወጠ፤ የቆመ ግድግዳም ፈረሰ። ገንዘቡ ጣሪያው ላይ ሳይደርስ አለቀ። ቤቱ የታሰበላቸው አረጋዊት እናቱ አንድ ተጨማሪ ክረምት በኪራይ ቤት አሳለፉ። ዛሬ ይህን የምንጽፈው የዚያ ምክር ዕዳ ስላለብን ነው።

እርግጥ ነው፣ አባቶቻችን የጭቃ ቤት ሲሠሩ ንድፍ አልነበራቸውም። ችካል ተክለው ገመድ ወጥረው ይቀይሱ ነበር። ነገር ግን የብሎኬትና የኮንክሪት ቤት ሌላ ነው። አንዴ ከተሞላ በኋላ ስሕተትን በጭቃ መርጎ ማለፍ አይቻልም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱን እናስታውሳለን። የብረቱን ውፍረትና ብዛት በግምት መወሰን ምን ያህል እንደሚያሰጋ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ታዲያ የምንከፍለው ለምንድን ነው? «ንድፍ» የምንለው አንድ ወረቀት አይደለም። በመጀመሪያ የአርክቴክቱ ሥራ አለ፤ ይኸውም ቤቱ በቦታው ላይ የሚያርፍበትን፣ የክፍሎቹን አቀማመጥ፣ ከአራቱም አቅጣጫ የሚኖረውን መልክና ቤቱ እንደ ዳቦ ተቆርጦ ሲታይ የሚያሳየውን ከፍታ ይይዛል። ሁለተኛው የመሐንዲሱ ሥራ ሲሆን መሠረቱን፣ ምሰሶውንና ብረቱን ያሰላል። ሦስተኛው የመብራት፣ የውኃና የፍሳሽ መስመር ነው። አንዳንዱ ባለሙያ የዕቃና የሥራ ዝርዝርም ያዘጋጃል። ይህ ዝርዝር ከግንበኛና ከኮንትራክተር ጋር ስንደራደር ትልቅ መከታ ይሆነናል።

ዋጋውም በተለያየ መንገድ ይተመናል። አንዱ በካሬ ሜትር ነው፤ በዚህ ጊዜ በረንዳውና ሰርቪስ ቤቱ ይቆጠራል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሌላው ከግንባታው ወጪ በመቶኛ ነው፤ መቶኛው የሚታሰበው ውል ሲፈረም ከነበረው ግምት ነው ወይስ ከመጨረሻው ወጪ? የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲወጣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሦስተኛው ቁርጥ ዋጋ ነው፤ በዚህኛው በውስጡ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ማወቅ ይገባል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንዱ ባለሙያ 40,000 ብር፣ ሌላው 75,000 ብር ጠየቁን እንበል። የመጀመሪያው ርካሽ ይመስላል። ስንጠይቅ ግን የእርሱ የአርክቴክት ሥራ ብቻ ነው። ለመሐንዲስ 25,000፣ ለመብራትና ለውኃ 15,000 ስንጨምርበት 80,000 ይሆናል። ሁለተኛው ሁሉንም ያጠቃለለ ነው። ሆኖም በዚህም አንቸኩል። የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በ75,000 ውስጥ ካልገባ 11,250 ብር ይጨመርና 86,250 ይደርሳል። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አለብን።

ዋጋውን ለመቀነስ የሚበጀው ዘዴ ሥራውን ማጉደል ሳይሆን አስቀድሞ መመካከር ነው። ባልና ሚስት፣ አያትና ልጆች ተቀምጠው የሚፈልጉትን ይጻፉ። እናት ስለ ማድ ቤቷ ከማንም በላይ ታውቃለች። እንግዳ ሲመጣ ቤተሰቡ የሚሸሸግበት መተላለፊያ፣ የዉዱእ ቦታ፣ የመስገጃው አቅጣጫ ከመጀመሪያው ይነገር። አዲስ አበባ ላይ ቂብላ ከሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ማድ ቤቱና መታጠቢያው ጀርባ ለጀርባ ቢሆኑ የቧንቧው ወጪ ይቀንሳል። ባለሙያውም ቦታውን በዓይኑ ይይ። በወረቀት ላይ ያለ ግድግዳ በላጲስ ይጠፋል፤ የቆመው ግን በመዶሻ ነው።

ሕጉንም አንዘንጋ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። ደንብና መመሪያ ስለሚሻሻል፣ ለምንሠራው ቤት የሚፈለገውን የንድፍ ዓይነትና የባለሙያ ፈቃድ ክፍያ ከመፈጸማችን በፊት ግንባታ ፈቃድ ከሚሰጠው ጽሕፈት ቤት እንጠይቅ።

በመጨረሻም ውሉ ይጻፍ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ በጊዜ የተወሰነ ዕዳን እንድንጽፍና እንድናስመሰክር አዞናል። «ወንድሜ ነው፣ የመስጂድ ጓደኛዬ ነው» ብሎ በቃል መተው ወንድማማችነትን አይጠብቅም። ስንት ጊዜ ማሻሻያ እንደሚደረግ፣ ስንት ቅጂ እንደምንረከብ፣ በግንባታ ጊዜ ስንት ቀን ባለሙያው መጥቶ እንደሚያይ፣ ክፍያው በየትኛው ደረጃ እንደሚፈጸም ይስፈር። እኛም በበኩላችን የባለሙያውን ድካም «ወረቀት ነው» ብለን አናሳንስ፤ ሥራውን ሲያስረክብ ሐቁን ሳናጓትት እንክፈለው።

ባልደረባችን አልሐምዱሊላህ ቤቱን ጨርሷል። እናቱም ገብተውበታል። አሁን ሰርቪስ ቤት ሊጨምር አስቧል። በቀደም ሲያማክረን የሰጠነው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «መጀመሪያ አርክቴክቱን ቦታው ላይ ውሰደው» አልነው።