እምቦጭን አይተን ካልተማርን ከምን ልንማር ነው?

ወገኖች፣ ጣና ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን እምቦጭ ነው። አረሙ ሐይቁ ላይ መታየቱ በይፋ ከተነገረ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ ማን ሰማ? ወጣቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ለመንቀል ሲሰለፍ እምቦጩ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻውን ይዞት ነበር። ዘግይተን ነው የደረስነው።

ዛሬ የማወራችሁ ከላይ ስለሚታየው አረም አይደለም። ከሥር ሆኖ ስለማይታየው ነው፤ ስለ መጤ ዓሣ። "ዓሣ ዓሣ ነው፣ ቢበዛ ምን ይጎዳል?" የምትሉ አትጠፉም። እስቲ ታግሳችሁ አንብቡት።

ካርፕ የሚባል ዓሣ አለ። የትውልድ አገሩ አውሮፓና እስያ ነው። ዝዋይና ቆቃ ላይ ዛሬ በመረብ በብዛት የሚወጣው ካርፕ በራሱ ዋኝቶ ከዚያ አልመጣም፣ ሰው ነው ያመጣው። አስጋሪዎቹ ስለዚህ ዓሣ ያላቸው አመለካከት ግን ለሁለት የተከፈለ ነው።

አንደኛው ወገን "ተዉት፣ እንጀራችን ነው" ይላል። ቆሮሶው ቀንሷል፣ ካርፕ ግን ትልቅ ይሆናል፣ ሚዛን ይደፋል፣ ባዶ መረብ ይዞ ከመመለስ ያድናል። ልጅ ትምህርት ቤት የሚልክ ሰው ስለ ዓሣው የትውልድ አገር ለምን ይጨነቃል?

ሌላው ወገን ደግሞ "ይሄ ዓሣ ቤታችንን አፈረሰው" ይላል። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው ጭቃ እየቆፈረ ነው። ውሃውን ያደፈርሳል፣ የውሃ ውስጥ ዕፅዋት ይነቅላል። ቆሮሶ እንቁላሉን የሚጥልበትና ልጆቹን የሚያሳድግበት ቦታ ደግሞ ያው ዳርቻው ላይ ነው። ገበያ ሲወጣም ሸማቹ ቆሮሶን ይመርጣል፤ ካርፕ አጥንቱ ይበዛል እየተባለ በርካሽ ይሄዳል።

ማን ነው ልክ? ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ ስለ ዛሬ ድስት ያወራል፣ ሌላው ስለ ነገ ሐይቅ። ካርፑ ላይ ብቻ ማላከክም ልክ አይሆንም። ያለ ልክ ማስገር አለ፣ ለመስኖ የሚሳበው የዝዋይ ውሃም አለ። መጤ ዓሣ ብቻውን ሐይቅ አይገድልም፤ የተዳከመውን ሐይቅ ግን ይጨርሰዋል።

ነገሩ ደግሞ እንደምናስበው ጥቁርና ነጭ አይደለም። ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለውን የሐይቅ ሐይቅን ውሰዱ። ቆሮሶ እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ሰው ጨምሮት። ዛሬ የአካባቢው አስጋሪ የሚኖረው በእሱ ነው። ሄዳችሁ "ቆሮሶ መጤ ነው" ብትሉት ይስቅባችኋል። ባሌ ተራራ ላይ ያሉት ወንዞች ውስጥም በንጉሡ ዘመን ከኬንያ የመጣ ትራውት አለ፤ በመንጠቆ ማጥመድ የሚወድ ቱሪስት እሱን ፍለጋ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጥያቄው "መጤ ነው ወይስ የአገር ልጅ?" ብቻ አይደለም። ጥያቄው የሚገባበት ውሃ ውስጥ ምን አለ? ምንስ ልናጣ ነው? የሚለው ነው።

አሁን ወደ ጣና እንምጣ።

ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንላቸው፣ በሳይንሱ ላቢዮባርባስ የሚባሉ ዓሦች አሉ። 15 የሚሆኑት ዝርያዎች በሌላ በየትኛውም የዓለም ሐይቅ የሉም። የተፈጠሩት እዚሁ ነው። ከእነሱ ውስጥ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ መንጋጋው ላይ ጥርስ ከሌለው የካርፕ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር መውጣቱ ተመራማሪዎችን እስከ ዛሬ ያስደንቃል። ቆሮሷችንም ቢሆን ተራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የጣና ብቻ የሆነ ንዑስ ዝርያ ተብሎ በሳይንስ ተመዝግቧል። ይሄን ሁሉ ዘመን የጠበቀልን ማነው? ጢስ ዓባይ ነው። ከታች ከዓባይ የሚመጣ ዓሣ ያን 40 ሜትር ገደማ ፏፏቴ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። ተፈጥሮ የዘጋችውን በር ግን አንድ ሰው በአንድ ባልዲ ሊከፍተው ይችላል።

ሲከፈት ምን እንደሚሆን ማወቅ ከፈለጋችሁ ፊሊፒንስን እዩ። ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ጣና የራሱ ብቻ የሆኑ 17 ዝርያዎች ነበሩት። ከውጭ የገቡ ዓሦች በሏቸው፣ ያለ ልክ ማስገር ተጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15ቱ ከምድር ጠፍተዋል ብሎ አወጀ። ሁለቱም ሳይጠፉ አልቀሩም። ከላናኦ በኋላ በዓለም ላይ ሳይበተን የቀረ እንዲህ ያለ የዓሣ ቤተሰብ የጣናው ብቻ ነው። ይሄ የጉራ ወሬ አይደለም፣ አደራ ነው።

አደራውን ደግሞ በደንብ እየጠበቅን አይደለም። ነጭ ዓሣ ክረምት ላይ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግተን እንጠብቀዋለን። የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውሃ ውስጥ የሚበትንም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ ብቻ የነጭ ዓሣ ምርት 75 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የተዳከመ ሐይቅ ማለት ይሄው ነው። በዚህ ላይ ካርፕ ሲጨመርበት አስቡት።

"ማን ይጨምርበታል?" ትሉኝ ይሆናል። ማንም በክፋት አይጨምርም። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ፈላጊ ነኝ። "ተደራጁ፣ ዓሣ አርቡ" የሚል ምክር ያልሰማ ተመራቂ አለ? ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ኩሬው የሚቆፈረው የት ነው? ፎገራና ደንቢያ ክረምት በመጣ ቁጥር በጎርፍ ይጥለቀለቃሉ። ኩሬው ውስጥ ካርፕ ካለ፣ አንድ ሌሊት ጎርፍ ሲመታው ካርፑ ርብ ውስጥ ነው፣ ከርብ ደግሞ ጣና። አንዲት ትልቅ ሴት ካርፕ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እምቦጭን ቢያንስ በዓይናችን አይተን እንነቅላለን። ዓሣን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሐይቅ ማን ነቅሎ ያወጣዋል?

ስለዚህ የምለው ይሄ ነው።

1. ጣና ተፋሰስ ውስጥ ዓሣ ለማርባት የምትደራጁ፣ ጫጩቱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የጣናን የራሱን ቆሮሶ አርቡ። ካርፕ ሲሰጧችሁ "አንቀበልም" በሉ።

2. ኩሬ ስትቆፍሩ ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ምረጡ።

3. የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው? ወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋውን መረብ የሚቆጣጠረው ማን እንደሆነ ወረዳችሁን ጠይቁ።

4. ካርፕ ቀድሞ የገባባቸው ሐይቆች አካባቢ ያላችሁ፣ አውጡት፣ ሽጡት፣ ብሉት። ከነሕይወቱ ግን ወደ ሌላ ውሃ አትውሰዱት።

በመጨረሻ አንድ ነገር። ኮሜንት ላይ "መጤ" የምትለዋን ቃል ይዞ ወደ ሰው የሚዞር እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተዉ። ካርፕ ብሔር የለውም፣ የዝዋይ አስጋሪም ጠላታችን አይደለም፤ እንዲያውም እኛ ገና ያልደረሰብንን አይቶ የሚነግረን እሱ ነው። ቃሏን ለዓሣና ለአረም ተዉላት።

ጣናን እወዳለሁ የሚል ሁሉ ፎቶውን ፕሮፋይል ያደርጋል፣ ዘፈኑን ይለጥፋል። ጥሩ ነው። ግን መውደድ ማለት ባልዲው ውሃ ውስጥ ከመደፋቱ በፊት እጁን መያዝ ነው። ለእምቦጩ ዘግይተናል። ለዚህኛው ገና ጊዜ አለን።

ደንቢያ፣ ፎገራ፣ ደራ፣ ዘጌ ያላችሁ፣ በየአካባቢያችሁ ኩሬ ውስጥ የሚረባው ምን ዓሣ እንደሆነ አጣርታችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ሌሎቻችሁ ሼር አድርጉት፣ ለአስጋሪው ይድረሰው።