ሞተሩን ማን ይያዘው?

ጉዳዩ ወዲህ ነው። ሐዋሳ፣ ታቦር፣ ባጃጅ ከሚጠግኑት ጋራዦች በአንዱ በር ላይ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። አንድ ወጣት በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለለውን ብረት ተሸክሞ መጣ። ከረጢቱን ሲፈታው ከቀጫጭን ቱቦዎች የተበየደ፣ አራት እግር ያለው፣ የተገለበጠ በርጩማ የሚመስል ነገር ወጣ።

«የምን ወንበር ነው?» አለ በያጁ።

«ወንበር አይደለም ጋሼ። የአውሮፕላን ሞተር መያዣ ነው።»

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። እኔም ስቄያለሁ፤ ምን እደብቃለሁ! ልጁ ግን አልሳቀም። ከውጭ ባገኘው የተገጣጣሚ አውሮፕላን ንድፍ መሠረት ዓመት ከመንፈቅ ሲለፋ ቆይቶ፣ አሮጌ የቮልስ ሞተር ገጥሞ፣ የአውሮፕላኑን ጅራት ከዛፍ ጋር በገመድ አስሮ ሞተሩን አስነስቶታል። አልበረረም። መሬት ላይ ብቻ ነው ያሠራው። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ከላይኛው የግራ ቱቦ ብየዳ አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየ። «እላዩ ላይ አንድ ዙር በየድልኝና ልሂድ» ነው የሚለው።

በያጁ ብረቱን አገላብጦ አየው። ስንጥቁን በጠመኔ ከበበው። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ ባጃጅ ቢሰበርብህ ወርደህ ትገፋዋለህ። ይሄንን ማን ይገፋልሃል?» አለው። አልበየደለትም።

የልጁን ስም አልጽፍም፤ ሰፈሩንም አልናገርም። በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ መጀመሪያ እየሮጠ የሚመጣው መሐንዲስ እንዳልሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

ለመሆኑ ይህ መያዣ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ቮልስ መኪና ላይ ያ ሞተር ከኋላ ተንጠልጥሎ ጎማ ያዞራል እንጂ መኪናዋን በአፍንጫዋ ይዞ አይጎትትም። አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ግን ፕሮፔለር ይታሰርበትና ክንፉንም፣ ቀፎውንም፣ ሰውዬውንም ጭምር ወደፊት የሚስበው እሱ ይሆናል። ያ ሁሉ ጉተታ ወደ አካሉ የሚያልፈው በጥቂት ቱቦዎችና በአራት ቡሎን በኩል ነው። ንዝረቱ ደግሞ አለ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር 6,000 ጊዜ ይተኩሳል፤ በሰዓት 360,000 ምት ማለት ነው። አፍንጫዋን ድንገት ቀና ስታደርጋት የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ወደ ጎን ያምፃል፤ እሱንም የሚችለው ያው መያዣ ነው። ሲያርፉ ጠበቅ አድርገው መሬቱን ከመቱትማ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ለአንድ አፍታ የአራት እጥፉን፣ 280 ኪሎ ሆኖ ይንጠለጠልበታል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ሞተር አየር ላይ ሲጠፋ ነው። ሞተር ቢጠፋ ግን ትንሽ አውሮፕላን እየተንሳፈፈ ይወርዳል፤ አብራሪው ሜዳ ፈልጎ ያሳርፋል። ሞተር ተገንጥሎ ሲወድቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአፍንጫው ክብደት በአንድ ጊዜ ይጠፋል፣ ጅራቱ ይከብዳል፣ ሚዛን ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ መሪው አይታዘዝም። ይህንን የሚመልስ የአብራሪ ጥበብ የለም።

ይህ የድሃ ጋራዥ ችግር ብቻ እንዳይመስለን። ግንቦት 17 ቀን 1971 ዓ.ም አሜሪካ፣ ቺካጎ ላይ አንድ ዲሲ-10 ሲነሳ የግራ ሞተሩ ከነመያዣው ተገንጥሎ ወደቀ። በአውሮፕላኑ የነበሩትና መሬት ላይ የተገኙት ተደምረው 273 ሰዎች አለቁ። መንስኤው ሲመረመር ጥገና ላይ ሞተሩንና መያዣውን አንድ ላይ በፎርክሊፍት ሲያወርዱና ሲሰቅሉ የተፈጠረ ስንጥቅ ሆኖ ተገኘ። መስከረም 24 ቀን 1985 ዓ.ም ደግሞ የእስራኤል የጭነት 747 አውሮፕላን የሞተሩ ማሰሪያ ብረት ደክሞ ተሰብሮ፣ ሁለት ሞተር ጥሎ አምስተርዳም ውስጥ ሰው በሚኖርበት ሕንፃ ላይ ወደቀ። 43 ሰው ሞተ። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት አባቶቻችን አውሮፕላን ሳያዩ ነው።

ወደ ልጁ ብረት እንመለስ። በያጁና እኔ፣ ልጁም ጭምር፣ ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተወያየንበት። መጀመሪያ ቱቦው ራሱ ለወንበርና ለበር የሚሸጠው ተራ ቱቦ ነው። በዓለም ላይ ለዚህ ሥራ የሚውለው ክሮምና ሞሊብደነም የተቀላቀለበት፣ በቁጥሩ 4130 እየተባለ የሚጠራ ብረት ነው፤ ቀጭን ሆኖ ጽኑ ነው። ሁለተኛ፣ ስንጥቁ ያለው ብየዳው ላይ አይደለም፤ ከጎኑ ነው። ብረት ፈልቶ ድንገት ሲቀዘቅዝ ከብየዳው አጠገብ ያለው ሥጋው ይደርቃል። የባጃጅ ሻንሲ ያስበየደ ሁሉ ይህንን ያውቀዋል። ብየዳው ደህና ሆኖ ከጎኑ መልሶ ይሰነጠቃል። እላዩ ላይ አንድ ዙር መድገም ማለት የደረቀውን ቦታ ማስፋት ነው እንጂ መጠገን አይደለም።

ሦስተኛው ግን የሚያሳዝነው ነው። ንድፉ ላይ ከላይ በኩል በሰያፍ የሚያልፍ አንድ ቱቦ አለ። አራት ማዕዘን ሲገፉት ይጋደማል፣ ሦስት ማዕዘን ግን አይጋደምም፤ የዚያች ቱቦ ሥራ አራት ማዕዘኑን ለሁለት ሦስት ማዕዘን መክፈል ነው። ልጁ ካርቡሬተሩ ቦታ ስላጣበት አውጥቷታል። አንዲት ቱቦ! «ምንም አትሠራም ብዬ ነው» አለን። ያቺ ስትወጣ ሸክሟ ሁሉ ወደ ላይኛው የግራ ማዕዘን ሄደ፤ የተሰነጠቀውም እዚያው ነው።

መድኃኒቱ የማይታወቅ ነገር አይደለም። የታመመው መጋጠሚያ ተቆርጦ ይወጣል፤ በአዲስ ቱቦ ይተካል። ወይም ሰፋ ያለ ቱቦ እንደ እጅጌ ይለብስበታል፤ የእጅጌው ጫፍ ግን ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፣ እንደ ዓሣ አፍ ተከፍቶ ይቆረጣል እንጂ። ብየዳው ቱቦውን እንደ ቀለበት ከዞረው እዚያው ላይ ይቆርጠዋልና። (አሞራ ገደል ዓሣ ሲበልት ያደገ ልጅ የዓሣ አፍ እንዴት እንደሚቆረጥ ማሳየት አያስፈልገውም።) ሰያፏ ቱቦ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ቦታ የሚቀይረው ካርቡሬተሩ ነው። ከመበየዱ በፊት አራቱ እግሮች በወፍራም ላሜራ ላይ በቡሎን ይታሰራሉ፣ ብረቱ ሲሞቅ እንዳይጣመም። የጠነከረው የመኪና ጎማ ወጥቶ አዲስ የንዝረት መያዣ ጎማ ይገባል፤ ዳዶው በኮፒሊያ ይታሰራል። መጨረሻ ላይ የሚቀባው ቀለም ነጭ ይሁን፤ ጥቁር ላይ ስንጥቅ አይታይም። የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት የጥገና መመሪያ የሞተር መያዣ ብየዳ ከሁሉ የላቀ ጥራት ይኑረው የሚለው ንዝረት ጥቃቅኑን ጉድለት ስለሚያባብስ ነው። ይህንን ሁሉ ታቦር ያለ ጎበዝ በያጅ ይሠራዋል። የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ደህና ነው፣ ብረር» ብሎ መፈረም አይችልም። ይህ የእሱ ሥልጣን አይደለም፤ ልቦናውም አልፈቀደለትም።

ፈራሚው ማን ነው? የኔ ጥያቄ ይኸው ነው።

በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ታቦር ላይ አልተጀመረም። አስመላሽ ዘፈሩን የማያስታውስ የለም። የሕብረተሰብ ጤና ተመራቂ ነው። አብራሪ ልሁን ቢል ቁመትህ በአንድ ሴንቲ ሜትር ያንሳል ተብሎ ተመለሰ። ሰውየው ታዲያ አውሮፕላኑን ራሱ ሠራው! 570 ቀን፣ ወደ 160,000 ብር፣ የቮልስ ሞተር። ኬ-570ኤ ያላት «ኬ»ዋ የእናቱ የኪሮስ መነሻ ፊደል ሆና፣ ቁጥሩ የለፋበት ቀን ነው። ሰኔ 2007 ዓ.ም ላይ ሕዝብ በተሰበሰበበት የሞከረው የመጀመሪያ በረራ አልተሳካም። የዓለም ቴሌቪዥን ሳይቀር አወራለት። እኛ ደግሞ ወይ አጨበጨብን፣ ወይ ሳቅን። ሁለቱም ብሎን አያጠብቅም።

አየራችንም ቢሆን አይረዳም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። አዲስ አበባ ላይማ ወደ ሩብ ይጠጋል። ስለዚህ ሠሪው ምን ያደርጋል? ከበድ ያለ፣ ጉልበት ያለው ሞተር ፈልጎ ለቀላሉ ሞተር በተሠራው መያዣ ላይ ይሰቅለዋል። አንዱን ችግር ሲያስታግስ ሌላውን ይወልዳል፤ የሚመክረው የለማ!

አውሮፕላንን በተመለከተ መንግሥታችን ፍቅር የለውም ማለት አንችልም። ጥር 2016 ዓ.ም ላይ «ፀሐይ» ከጣሊያን ስትመለስ የነበረውን ደስታ አይተናል፤ እኛም ደስ ብሎናል። ፀሐይ በ1928 ዓ.ም ወረራው በተጀመረበት ወራት አዲስ አበባ ላይ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን እጅ ተገጣጥማ የበረረች፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም የተሰየመች ናት። ፋሽስት ወስዶ በሙዚየሙ አኖራት። መመለሷ ተገቢ ነው። ነገር ግን ለ1928ቱ አውሮፕላን ሪባን ሲቆረጥ፣ የዛሬውን ሠሪ ብረት አንድ ባለሙያ በባትሪ መብራት እንኳ ጎንበስ ብሎ የሚያይለት አለመኖሩ ምን ይሉታል? ፀሐይም እኮ በጊዜዋ በጓሮ የተሠራች ነበረች ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ቬበር ከቤተ መንግሥት ደጅ ላይ መሆኑ ነው።

ሌላው ዓለም ይህንን በሁለት መንገድ አልፈታውም፣ በአንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከግማሽ በላዩን በእጁ የሠራ ሰው አውሮፕላኑን «የሙከራ» በሚል መደብ ያስመዘግባል፤ መርማሪ መጥቶ ያያል፤ የተመሰከረለት የአውሮፕላን ሞተር ካልሆነ በተለምዶ 40 ሰዓት ሰው በማይበዛበት ክልል መንገደኛ ሳይጭን ይበርራል። እንግሊዝ ውስጥ የሠሪዎቹ ማኅበር ተቆጣጣሪ ገና ሥራው ሳይዘጋ ደረጃ በደረጃ እያየ ይፈርማል። መያዣው ከመሸፈኑ በፊት፣ ክንፉ ሸራ ከመልበሱ በፊት ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሆይ! ለእንዲህ ያለ ሠሪ የተዘረጋ መንገድ ካለ በአማርኛና በየክልሉ ቋንቋ ተጽፎ ታቦር ያለ ልጅ በሚያገኘው ቦታ ይለጠፍ። ከሌለ ይበጅ። አትብረር ማለት ቀላል ነው፤ ልጁ ግን ሌሊት ተነስቶ ሜዳ ላይ ይሞክረዋል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ማገድ ማለት ከሐኪም መደበቅ ማለት ነው። ስንጥቅ የሚያሳይ ምርመራ የአፍሪካ ትልቁን የአውሮፕላን ጥገና ማዕከል ለያዘው አየር መንገዳችን የዕለት ሥራ ነው፤ ቀይ ፈሳሽ ይቀባል፣ ይጠረጋል፣ ነጭ ዱቄት ይነፋል፣ ስንጥቁ በቀይ መስመር ይወጣል። በዓመት አንድ ቀን በር ቢከፈት ምን ይጎድላል? ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ ተማሪዎቹ ይህቺን ባለ አራት እግር ብረት በወረቀት ላይ ቢያሰሉለት የመመረቂያ ሥራ አይሆናቸውም?

ማታ ላይ ጋራዡ ሲዘጋ ልጁ ብረቱን ይዞ ሊሄድ ነበር። በያጁ ከለከለው። ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቀለው፤ ክቡ የጠመኔ ምልክት ከሩቅ ይታያል። ልጁ እየወጣ ወደኔ ዞሮ «ጋዜጠኛ ነህ አይደል? የት ሄጄ ላስመርምረው?» አለኝ። እጠይቅልሃለሁ አልኩት።

ይኸው ጠይቄያለሁ።