የፍየላችሁ ቆዳ ሲቆስል የመኖውን ጆንያ ፍቱ

ፍየል ቆዳዋ ሲቆስል ወይም ጠጉሯ ሲረግፍ አብዛኞቻችን ወዲያው “እከክ ነው” እንላለን። ከዚያም አንዱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ሌላው ከገበያ የገዛውን ጉጥራን ይቀባታል። የተቃጠለ ዘይት ለእከክም ቢሆን መድኃኒት አይደለም። ችግሩ የመጣው ከምትበላው ነገር ከሆነ ደግሞ ቅባቱ ጨርሶ አይደርስበትም። ስለዚህ የእኔ አስተያየት ቅባት ከመፈለጋችሁ በፊት የመኖውን ጆንያ ፍቱና ተመልከቱ የሚል ነው።

ካርቱም የኖረ ሰው የፍየል መኖ ምን እንደሆነ ያውቃል። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በዴምም ሆነ በጀሪፍ በግቢዋ አንድ ሁለት ፍየል ያላት እናት የምታበላቸው ብርሲም፣ የለውዝ አምባዝና ከየምግብ ቤቱ የተሰበሰበ ደረቅ ዳቦ ነበር። በመጠለያ ጣቢያም የያዝነው ይህንኑ ልማድ ነው፤ የተጨመረው ዝናብ የነካው የዕርዳታ ማሽላ ብቻ ነው። አምባዝ ማለት አገር ቤት ፋጉሎ የምንለው፣ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ነው። ጥሩ መኖ ነው፤ ወተትም ይጨምራል። ይሁን እንጂ ለውዝ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ በቀላሉ ያጠቃዋል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት በድንኳን ውስጥ መሬት ላይ የተቀመጠ ጆንያ ለዚህ ሻጋታ የተመቸ ቤት ነው።

መርዙ በመጀመሪያ የሚጎዳው ቆዳን ሳይሆን ጉበትን ነው። ቀስ በቀስ ሲጠራቀም እንስሳዋ ትከሳለች፣ ጠጉሯ ይሻክራል፣ በሽታ የመከላከል አቅሟም ይደክማል። በዚህ ጊዜ ጤነኛ ፍየል የምትቋቋመው እከክና ጭርት እሷ ላይ ይበረታል። ሌላም መንገድ አለ። አንዳንድ የሻጋታ መርዞች ጉበትን ክፉኛ ሲያውኩ፣ ከአረንጓዴ ሣር ቅጠላማ ቀለም ሆድ ውስጥ የሚፈጠረውን አንድ ንጥረ ነገር ጉበት ማስወገድ ያቅተዋል። ይህ ነገር በደም ተሸክሞ ቆዳ ሥር ይደርስና ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን ያቃጥላል። በኒው ዚላንድ የበጎችን ፊት የሚያቆስለው የታወቀ በሽታ የሚመጣው እንዲህ ሆኖ ነው፤ መንስኤውም በግጦሽ ሣር ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው። አንዳንድ መርዛማ ዕፀዋትም ተመሳሳይ ጉዳት ስለሚያደርሱ የምትሰማራበትን ቦታ አትርሱ።

ከእከክ እንዴት ይለያል? እከክ ያሳክካል፤ እንስሳዋ ከግንድና ከአጥር ጋር ስትታከክ ትውላለች፣ ወደ ሌሎችም ይጋባል። የፀሐይ ቁስል ግን የሚመርጠው ጠጉር የሳሳበትንና ነጭ የሆነውን ቦታ ነው፦ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ የዓይን ቆብ፣ ጡት። ቡራቡሬ ፍየል ከሆነች ነጩ ሲላጥ ጥቁሩ ደህና ሆኖ ታዩታላችሁ። ጥላ ፍለጋ ትሸሻለች። የዓይኗን ነጭና ድዷን ገልጣችሁ ስታዩ ቢጫ ከሆነ ጉበቷ ተጎድቷል። ትኩሳትና የሚያብጥ ፍንጣጣ ካያችሁ ግን ሌላ ነገር ነውና ሳትውሉ ሳታድሩ ለእንስሳት ጤና ሠራተኛ ንገሩ።

ነገሩ የፍየል ብቻ ቢሆን በዚህ የጤና ገጽ ላይ ባልጻፍሁት። ወሎ ውስጥ በ1977 እና 1978 እ.ኤ.አ. ሲናር ላይ በበቀለ የሻጋታ ዓይነት ምክንያት ሰዎች እግራቸው እየጠቆረ ሞቷል። ያ ሻጋታ የደም ሥርን ያጠብባል፤ ከብትንም የጆሮ ጫፍ፣ ጅራትና ሰኮና ያሳጣል። አፍላቶክሲን ደግሞ በወተት ያልፋል። በአዲስ አበባና አካባቢዋ ተመራማሪዎች የመረመሯቸው 110 የወተት ናሙናዎች በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት መሠረት ሁሉም መርዙ ነበረባቸው፤ ከአውሮፓ የደህንነት ወሰን በታች የሆኑት 9 ብቻ ነበሩ። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። ወተቱን ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ይህን መርዝ አያጠፋውም። በ2004 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ኬንያ የሻገተ በቆሎ 125 ሰው የገደለው ሰዎቹ ጥሬውን በልተውት አይደለም።

ስለዚህ ቁስሉን ያያችሁ ዕለት የተጠረጠረውን መኖ አቁሙ፤ እንስሳዋን ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፤ ለጥቂት ቀናት ከአረንጓዴ መኖ ይልቅ ደረቅና ንጹሕ ድርቆሽ፣ ውኃም እንደልብ ስጡ። መኖው ከተለወጠ በኋላ ወተቷ ከመርዙ የሚጠራው በሦስት በአራት ቀን ነውና እስከዚያ ለሕፃናት አትስጡ። የሻገተውን ማጠብ ወይም ፀሐይ ላይ ማስጣት ሻጋታውን ከዓይን ይሰውራል፣ መርዙን ግን አያወጣውም። አምባዝ ስትገዙ የሳምንት ብቻ ግዙ፤ ሰብራችሁ ውስጡን እዩ፣ አሽትቱ። ጆንያውን በእንጨት ላይ፣ ከድንኳኑ ግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

“ሌላ መኖ ከየት አምጥቼ?” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ለእኛም ራሽኑ አልበቃንም። ቢሆንም “ለሰው ካልሆነ ለፍየል ይሁን” የሚለው ቁጠባችን ዞሮ ልጆቻችን ጽዋ ውስጥ የሚገባ ነው። ጥቂት ንጹሕ መኖ ከብዙ የሻገተ ይሻላል። ጥፋቱን ሁሉ በባለ ፍየሏ ላይ መጫን ግን ተገቢ አይመስለኝም። ማሽላው መጋዘን ውስጥ ወይም በእደላ ሰልፍ ላይ ከረጠበ ተመልሶ የሚለወጥበት ቦታ ሊኖር ይገባል፤ ካልሆነ ማንም እናት የተሰጣትን እህል አፈር ውስጥ አትቀብርም። የዕርዳታ ድርጅቶችና የእደላ ኮሚቴዎች ይህን እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ። እናንተም በሚቀጥለው የእደላ ቀን ጆንያውን ከመሸከማችሁ በፊት እዚያው ፈትታችሁ እጃችሁን ወደ ውስጥ ስደዱ፤ እርጥበት ወይም ትኩሳት ከተሰማችሁ ከሰልፉ ሳትወጡ ለኮሚቴው አሳዩ።