«እጥፍ ሆነ» ሲሉን «ከስንት?» እንበል

ዕጩ መምህራንና መምህራን ሆይ! ስለ ጤና የሚወጣ አርእስተ ዜና የሚያሳስተን ሁልጊዜ ስለሚዋሽ አይደለም፤ እውነት ተናግሮም ያሳስታል። ክፍልፋይ ስናስተምር ላዕልና ታሕት እንላለን አይደል? አርእስቱ ላዕሉን ጮክ ብሎ ይነግረንና ታሕቱን ዋጥ ያደርገዋል።

በእንግሊዝ አገር የሆነውን እንመልከት። በኦክቶበር 1995 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ «ሦስተኛ ትውልድ» የሚባሉት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖች በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ እጥፍ ያህል ያደርጉታል ሲል አስጠነቀቀ። ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም «እጥፍ!» እያለ አስተጋባ። ብዙ ሴቶች ደነገጡ፤ ክኒኑን ያቋረጡም ጥቂት አልነበሩም።

ኧረ ለመሆኑ እጥፍ የሆነው ከስንት ነው? ያኔ በተሰጠው አኀዝ መሠረት፣ የቀድሞዎቹን ክኒኖች ከሚወስዱ 100,000 ሴቶች በዓመት 15 ያህሉን፣ አዲሶቹን ከሚወስዱት ደግሞ 30 ያህሉን ያገኛል። ከ100,000 ሴቶች ጭማሪው 15 ነው ማለት ነው። እርግዝና ራሱ ግን ከ100,000 እርጉዞች 60 ያህሉን ለዚሁ ሕመም ይዳርጋል። እንግዲህ ክኒኑን ጥላ ያረገዘች ሴት ከ30 ሸሽታ 60 ላይ ወደቀች። ይህም ብቻ አይደለም፤ በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ከተለመደው በላይ 13,000 ያህል ፅንስ የማቋረጥ ድርጊት እንደተፈጸመ ተገምቷል።

ልብ በሉ፤ «እጥፍ» ያለው ሰው አልዋሸም። የጎደለችው አንዲት ጥያቄ ናት።

ይህ ሲባል ግን «እጥፍ» ሁሉ ይናቅ ማለት አይደለም። ከ100 ሰው 20 የሚይዝ በሽታ እጥፍ ሆነ ከተባለ 40 ሊይዝ ነው፤ ይህ በእውነት ያስደነግጣል። ቃሉ አንድ ነው፤ ክብደቱን የሚሰጠው ታሕቱ ነው።

እንግዲህ ሥራው የማን ነው? የኛው ነው። በመቶኛን በነጋዴ ትርፍና ኪሳራ ብቻ አስተምረን ለምን እናልፋለን? አንድ የጤና አርእስተ ዜና ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጻፍና ተማሪዎቹ ራሳቸው «ከስንት ወደ ስንት?» ብለው ይጠይቁ። ነገ በምንመደብበት ቦታ ወላጁም ጎረቤቱም «መምህር፣ ይሄ የሚወራው ነገር እውነት ነው ወይ?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ «አዎ» ወይም «ውሸት ነው» ብሎ መገላገል ለመምህር አይበቃም። አብሮ ማስላት ነው፤ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም «ከመጣልህ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደህ ጠይቅ፤ ብትተወው የሚመጣብህንም ጠይቅ» ማለት ነው።

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ አባቶቻችን። ለጤና ወሬ መላው ሩቅ አይደለም፤ ከታሕቱ ይጀምራል።