ቁመት ብቻውን ብቃት ነው እንዴ?

ባለፈው ሴሚስተር ለክፍላችን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ተጫዋቾች ሲመረጡ እኔም ተሰልፌ ነበር። መራጩ ልጅ ኳስ እንኳን ሳያስነካን ግድግዳው ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረና "ከዚህ በታች ያላችሁ ደጋፊ ትሆናላችሁ" አለን። እኔ ከመስመሩ አራት ጣት ያህል አነስኩ። ተናደድኩ ብል ያንሰዋል! ይባስ ብሎ በዚያው ሳምንት ሬዲዮ ላይ አንድ የስፖርት ዘጋቢ "በአካል ብቃት ስለተበለጡ ተሸነፉ" ሲል ሰማሁ። በምን ተበለጡ? በቁመት? በዝላይ? በትንፋሽ? አልነገረንም። ነገ ይህንን ሥራ የምንሠራው እኛ ነንና እስቲ ነገሩን እንየው።

እ.ኤ.አ. በ2006 በጃፓን በተካሄደው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ዋንጫውን የወሰደችው ሩሲያ ነበረች። በቡድኑ ውስጥ 2.02 ሜትር የምትረዝመው የካተሪና ጋሞቫ ነበረች። የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብላ የተመረጠችው ግን ጃፓናዊቷ ዮሺዬ ታኬሺታ ናት። ቁመቷ ስንት መሰላችሁ? 1.59 ሜትር! በእኛ ጠመኔ ብትለካ ደጋፊ ነበረች። ታኬሺታ ሴተር ነች፤ ሥራዋ ለመቺዎቹ ኳስ ማመቻቸት ነው። የእርሷ ብቃት እግሯና ጣቷ ላይ ነው፤ ኳሷ ከመድረሷ በፊት ቦታው ላይ መገኘት፣ ይህንንም በጨዋታ ከመቶ ጊዜ በላይ ሳይደክሙ መድገም።

ሌላው የሚያሳስተን በተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ከቁመት ቀጥሎ የሚጻፈው፣ ተጫዋቹ ዘሎ የሚደርስበት ከፍታ ነው። ቆማ እጇን ስትዘረጋ 2.60 ሜትር የምትነካ ልጅ ዘላ 3.10 ብትደርስ ከመሬት የተነሳችው 50 ሳንቲ ሜትር ነው። 2.25 የምትነካዋ ልጅ እዚያው 3.10 ላይ ብትደርስ ግን የተነሳችው 85 ሳንቲ ሜትር ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው። አካላቸው ግን ጭራሽ አይገናኝም። ኩባዊቷ ሚሬያ ሉዊስ በ1.75 ሜትር ቁመት እስከ 3.39 ሜትር ትደርስ እንደነበር ይነገርላታል፤ የሴቶች መረብ እኮ 2.24 ሜትር ነው። እርሷና ጓደኞቿ በባርሴሎና፣ በአትላንታና በሲድኒ (1992፣ 1996 እና 2000) በተከታታይ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰዱ። ያንን ዝላይ ቁመት አልሰጣትም፤ ጭንና ልምምድ ነው የሰጣት።

አጭር ስለሆንኩ ለአጭሮች ብቻ እንዳልሟገት ደግሞ እውነቱን ልናገር። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ የወንዶች ፍጻሜ ብራዚል ሩሲያን 2 ለ 0 እየመራች፣ በሦስተኛው ሴት ለወርቅ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷት ነበር። የሩሲያው አሰልጣኝ 2.18 ሜትር የሚረዝመውን ድሚትሪ ሙሰርስኪን ከመሐል አንስቶ ዋና መቺ አደረገው። ሰውዬው 31 ነጥብ አስቆጠረ፤ ሩሲያም 3 ለ 2 አሸነፈች። ቁመት ይጠቅማል፣ ማን ካደ? ነገር ግን ሙሰርስኪ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶችም ያው 2.18 ነበር። የተለወጠው ቦታው ነው፤ በአምስተኛውም ሴት መዝለል መቻሉ ነው።

"ጃፓኖች በተፈጥሯቸው ቀልጣፋ ናቸው" የሚለውም ለእኔ አይዋጥልኝም። በ1964 በቶኪዮ ወርቅ ያገኙት ሴቶች አብዛኞቹ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቀን ሠርተው እስከ እኩለ ሌሊት ይለማመዱ ነበር። አሰልጣኛቸው ዳይማትሱ ኳስ ለማዳን ተወርውሮ፣ መሬት ላይ ተንከባሎ፣ ወዲያው መነሳትን አስተማራቸው። (እንዲህ ያለውን ጭካኔ የተሞላበት ልምምድ ለማንም አልመኝም።) ከሶቪየቶቹ ጋር በቁመት መፎካከር ስለማይችሉ መሬቱን መረጡ። እንግዲህ ቅልጥፍናው የተሠራ ነገር ነው።

ጎረቤታችን ኬንያን ውሰዱ። የሴት ቡድኗ በቶኪዮም በፓሪስም ኦሎምፒክ ተሳትፎ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ዘጋቢው ቢጠየቅ ያው "የአካል ብቃት" ይላል። እኔ ግን ልጆቹ መዝለልም መምታትም ይችላሉ ባይ ነኝ። ያነሳቸው ከጠንካራ ቡድኖች ጋር በዓመት ደጋግሞ መጫወት ይመስለኛል፤ ፈጣን ሰርቭ መቀበል የሚለመደው ፈጣን ሰርቭ ሲመጣባችሁ ነው።

ምርጫው በዚህ ሴሚስተርም ይደገማል ተብሏል። መራጩ ልጅ ይህን ካነበበ አንድ ነገር ልለምነው፦ ጠመኔውን እኔ አመጣለሁ፤ ሁለት ምልክት ይደረግልን፣ ቆመን የነካንበትና ዘለን የነካንበት። ከዚያ ደግሞ ሃያ ሰርቭ ይምታብንና ስንቱን እንዳነሳን ይቁጠር።