ሸራ ለብሶ የቆየው መኪና

በዚህ ዓምድ ስለ ትዳር ሀብት ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ስለ ቤት፣ ስለ ወርቅና በባንክ ስለሚቀመጥ ገንዘብ ነው። የመኪና ነገር ሲመጣ ግን «ይህ የወንዶች ጉዳይ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ዛሬ ስለ መኪና፣ ያውም ኃይለኛ ሞተር ስላለውና ብዙ ስላልተነዳ የቤት አውቶሞቢል የሽያጭ ዋጋ እናወጋለን። ለዚህ ያነሣሣን በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ ያጫወቱን ታሪክ ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁ ወይዘሮዋ እያልን እንቀጥላለን።

የወይዘሮዋ ባለቤት በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ ሃያ ዓመት ያህል ታክሲ የነዱ ሰው ነበሩ። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል ሰው ማታ መኪና ማየት አይወድም ይባላል፤ እሳቸው ግን እንዲህ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታክሲውን ሥራ ትተው ሌላ ሥራ ሲይዙ፣ ካጠራቀሙት ላይ 48 ሺህ ዶላር አውጥተው አዲስ ሼቭሮሌት ኤስኤስ ገዙ። ወይዘሮዋ ክፉኛ አኮረፉ። «ሳምንት ሙሉ ቡና አላፈላሁለትም» ሲሉ እየሣቁ ነግረውናል። የተገዛውም መኪና ለሠርግ፣ ለበዓልና አልፎ አልፎ እሑድ ከሰዓት በኋላ ካልሆነ በቀር ከጋራዥ አይወጣም ነበር። ሸራ ይለብሳል፤ ልጆች ውስጡ ብስኩት መብላት አይፈቀድላቸውም፤ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ባለቤትየው በአንድ ትንሽ ደብተር ላይ ቀኑንና የተነዳበትን ማይል በእጃቸው ይጽፋሉ።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ባለቤትየው በድንገተኛ ሕመም ዐረፉ። ወይዘሮዋ ሁለት ልጆች ይዘው ቀሩ። ትልቁ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ኮሌጅ ሊገባ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። የኀዘኑ ጊዜ ጋብ ሲል የሟች ታናሽ ወንድም መጥቶ፣ «እትዬ፣ ይህ መኪና ሰባት ዓመት ሞልቶታል፤ ቤንዚን እንደ ውሃ ይጠጣል፤ እንዲሁ ቆሞ ከሚበላሽብሽ እኔ 15 ሺህ ዶላር ልስጥሽና ሐሳብሽን ላቅልልሽ» አላቸው። ሰውየው ክፉ አሳቢ አልነበረም። ሰባት ዓመት የቆየ ሼቭሮሌት ስንት እንደሚያወጣ በአካባቢው ጠይቆ፣ ያገኘውን ዋጋ ነው የተናገረው። ወይዘሮዋም እሺ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ያዳናቸው አንድ ትንሽ ነገር ነው። ሌላ ሰው ምን እንደሚል ለመስማት ብቻ መኪናውን ወደ አንድ አሮጌ መኪና ሻጭ ቤት ወሰዱት። ሻጩ ከውጭ ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ 22 ሺህ ዶላር አለ። ቀጥሎ በሩን ከፈተና የማርሹን ዘንግ አየ፤ ማይል ቆጣሪውን አየ፤ «አንድ ጊዜ» ብሎ ወደ አለቃው ቢሮ ገብቶ ሲመለስ 30 ሺህ ዶላር አላቸው። «በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስምንት ሺህ ዶላር የጨመረ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ ብዬ ቁልፌን ይዤ ወጣሁ» ይላሉ ወይዘሮዋ።

ሻጩ የሚያውቀው ምን ነበር? ሼቭሮሌት ኤስኤስ ስሙ የአሜሪካ ይሁን እንጂ የተሠራው በአውስትራሊያ ነው። የጄኔራል ሞተርስ ቅርንጫፍ የነበረው ሆልደን፣ በደቡብ አውስትራሊያ ኤልዛቤት በምትባል ቦታ በነበረው ፋብሪካው እየሠራ ወደ አሜሪካ ይልከው ነበር። 6.2 ሊትር የሆነ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አለው፤ ጉልበቱም 415 የፈረስ ጉልበት ነው። ከውጭ ሲያዩት ግን የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሚሳፈርበት ዓይነት፣ ባለ አራት በር ጨዋ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ እስከ 2017 ድረስ በአሜሪካ የተሸጠው በጠቅላላው 13 ሺህ ያህል ብቻ ነው። ጥቅምት 20 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ፋብሪካው ተዘጋ። ከእንግዲህ ሌላ አይመጣም። ከተሸጡትም ውስጥ ማርሹ በእጅ የሚቀየረው እ.ኤ.አ. ከ2015 ሞዴል ወዲህ የመጣው ሲሆን፣ ፈላጊዎች አጥብቀው የሚሹት እሱን ነው። የወይዘሮዋ መኪና ባለ ፍሪሲዮን፣ ባለ ስድስት ማርሽ ነበር። ከእሱ በፊትም ከዚያው ፋብሪካ ፖንቲያክ ጂ8 ጂኤክስፒ የሚባል ወንድሙ እ.ኤ.አ. ለ2009 ሞዴል ብቻ ከሁለት ሺህ ባነሰ ቁጥር ተሠርቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጄኔራል ሞተርስ ፖንቲያክ የሚለውን ስም እንደሚያስቀር ስላስታወቀ እሱም ተፈላጊ ሆኖ ቀርቷል።

ሁለተኛው ነገር ማይሉ ነው። በአሜሪካ አንድ የቤት አውቶሞቢል በዓመት ከ12 ሺህ እስከ 15 ሺህ ማይል ይነዳል ተብሎ ይታሰባል። በዚህ ስሌት የሰባት ዓመት መኪና 90 ሺህ ማይል አካባቢ ሊኖረው ይገባል። የወይዘሮዋ መኪና ቆጣሪ ግን 11 ሺህ ማይል፣ በእኛ መለኪያ ከ18 ሺህ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነበር ያሳየው። ተራ የቤተሰብ መኪና ቢሆን ኖሮ ይህ በዋጋው ላይ ጥቂት ይጨምርለታል እንጂ ገዢ ከሌላ ግዛት በአውሮፕላን አያስመጣም። ዳግመኛ በማይሠራ ኃይለኛ መኪና ላይ ግን ፈላጊው ለመሄጃ ብሎ ብቻ አይገዛም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን መኪና እንደነበረ ማግኘት ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ደግሞ በየዓመቱ እያነሰ ይሄዳል፤ አንዱ ይጋጫል፣ አንዱን ወጣቶች ይጨርሱታል።

ነገር ግን ፈጣን መኪና ሁሉ እንዲህ ነው ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል። የጀርመኑን ቢኤምደብሊው ኤም5 እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2003 የተሠራው ባለ ስምንት ሲሊንደር ኤም5 ማርሹ በእጅ ብቻ የሚቀየር ነው፤ ዛሬ ብዙ ካልተነዱት ውስጥ ከአዲስ ዋጋቸው በላይ የተሸጡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተተካው ታናሽ ወንድሙ ባለ አሥር ሲሊንደር ነው፤ ጉልበቱም 500 ይደርሳል፤ አዲስ ሲሸጥ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ያገለገሉት ብዙዎቹ ከ20 ሺህ ዶላር በታች ወርደው ተሸጠዋል። ምክንያቱም የሞተሩ ኩሽኔታ ቶሎ የሚያልቅ መሆኑና የጥገናው ወጪ ነው። በዚያኛው ላይ ማይሉ ማነሱ እንኳ ገዢውን ሙሉ በሙሉ አያረጋጋውም። እንግዲህ «መኪና ሀብት ነው» እያለ ሚስቱን የሚያግባባ ባል ቢኖር፣ የትኛው መኪና ብሎ መጠየቅ የሚስቱ ተራ ነው።

የወይዘሮዋ ባለቤትስ አትርፈዋል ወይ? መኪናው በመጨረሻ የተሸጠው 49 ሺህ ዶላር ነው። ከግዢው አንድ ሺህ ይበልጣል። ይሁን እንጂ በእነዚያ ሰባት ዓመታት በአሜሪካ የዕቃ ዋጋ በአማካይ ከሩብ በላይ ጨምሯል፤ በየዓመቱም ኢንሹራንስ ተከፍሏል፤ ጋራዡን መኪናው ስለያዘው ሌላው የቤት ዕቃ ኪራይ እየተከፈለበት በሰው መጋዘን ተቀምጧል። በቀለምና ወረቀት ከተሰላ ኪሳራ ነው። ሌላ አዲስ መኪና ገዝተው ቢነዱት ኖሮ ከዋጋው ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ በጠፋ ነበር፤ በዚህ በኩል ሲታይ ደግሞ ደኅና ነው። እኔ በበኩሌ ገንዘብ ለማትረፍ ብሎ መኪና የሚገዛ ሰው አይገባኝም፤ ለመውደድ ብሎ የሚገዛው ግን ይገባኛል። ወይዘሮዋም አሁን የሚሉት ይህንኑ ነው።

ከዘመድ መካከል መኪናውን ወደ አዲስ አበባ መላክ የሚል ሐሳብ ያቀረበም ነበር። ይህ የማይሆን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ባይከለከልም ኖሮ በእኛ ገበያ ዋጋውን ይዞ የሚቆየው ሌላ ነው። እዚህ ቶዮታ ኮሮላና ቪትዝ የሚፈለጉት መለዋወጫቸው በየሱቁ ስለሚገኝና ማንም መካኒክ ስለሚያውቃቸው ነው፤ ብዙ ዓመት ከተነዱም በኋላ ከተገዙበት በላይ ሲሸጡ ያየን ስንቶቻችን ነን። እዚያ ብርቅ መሆኑ ዋጋ የሚጨምርለት መኪና እዚህ ቢመጣ ብርቅነቱ ዋጋውን ይጥለው ነበር።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ትልቁ ልጅ የአባቱን መኪና እኔ ልንዳው ሲል ለመነ። ይህ ለእናት ቀላል ጥያቄ አይደለም። ወይዘሮዋ መጀመሪያ የኢንሹራንሱን ዋጋ ጠየቁ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ለሞላው ልጅና 415 የፈረስ ጉልበት ላለው መኪና የተጠየቀው ክፍያ ልጁን ራሱን ዝም አሰኘው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሺህ ማይል ከዋጋው ላይ የሚቀንስ መሆኑን በወረቀት ላይ አብረው አሰሉት። ልጁ ለሁለት ቀን አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን መኪናውን እሱ ራሱ አጠበው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የወረቀት ሥራ ነው። እኛ ሊብሬ የምንለው፣ እነርሱ ታይትል የሚሉት የባለቤትነት ወረቀት በሟች ስም ብቻ ስለ ነበር እሱን ማስተካከል ጥቂት ሳምንታት ፈጀ። የሁለቱም ስም ተጽፎበት ቢሆን ኖሮ ምልልሱ ባነሰ ነበር፤ ይህን የምጽፈው ይህን ዓምድ ለሚያነቡ ባልና ሚስት ነው። ሁለተኛው ቁልፍም ጠፍቶ ቆይቶ በሟች ካፖርት ኪስ ውስጥ ተገኘ።

ማይሉ ትክክል ስለ መሆኑ ደግሞ ገዢ ሁሉ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ያስኬዳል። በአሜሪካ ቆጣሪ ወደ ኋላ መመለስ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ሆኖም የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ከ450 ሺህ በላይ መኪናዎች በሐሰት ቆጣሪ እንደሚሸጡ ይገምታል። ሻጭ የማይሉን ልክ በጽሑፍ የማረጋገጥ ግዴታ አለበት፤ ይህም ግዴታ ቀድሞ መኪናው አሥር ዓመት እስኪሞላው ብቻ ይቆይ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ለ2011 እና ከዚያ በኋላ ለሆኑ ሞዴሎች ሃያ ዓመት ሆኗል።

አንድ የሰፈር መካኒክ መኪናውን አንሥቶ አየላቸው። ብዙ የቆመ መኪና ያልታመመ ይመስላል እንጂ ይታመማል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ባትሪ ይሞታል፤ የቆየ ቤንዚን ይበላሻል፤ አይጥ ሽቦ ይቆርጣል። ይህኛው በደንብ የተያዘ ነበር፤ ያረጀው ጎማው ብቻ ነው። በጎማ ጎን ላይ የሚታተሙት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። በወይዘሮዋ መኪና ላይ የተጻፈው 1217 ነበር፤ የ2017 እ.ኤ.አ. 12ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ጎማ እንዲቀየር ይመክራሉ። መካኒኩ «ገዢው ከፋብሪካ የወጣበትን ጎማ ማየት ይወድ ይሆናል፤ ዕድሜውን ብቻ ሳይደብቁ ይንገሩት» አላቸው፤ እንደዚያው አደረጉ።

ገዢው ከኦሃዮ ግዛት የመጣ አንድ ጡረተኛ አሜሪካዊ ነው። ከመምጣቱ በፊት የጋራዥ ደረሰኞችንና የባለቤትየውን ደብተር ፎቶግራፍ እንዲልኩለት ጠይቆ ነበር። በማግሥቱ ደውሎ «ይህ ደብተር የሌላ መኪና ነው» አለ። ድምፁም የተታለለ ሰው ድምፅ ነበር። የደብተሩ የመጀመሪያ መስመር «ታኅሣሥ 3 ቀን 2010፣ ዘይት ተቀየረ» ይላልና፣ ሰውየው አማርኛውን ባያነብ 2010 የሚለውን ቁጥር አንብቧል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተሠራ መኪና በ2010 እንዴት ዘይት ይቀየርለታል? ሽያጩ በዚህ ሊበላሽ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ወይዘሮዋ የእኛን የዘመን አቆጣጠር በስልክ አስረዱት፤ ከዚያም ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው በየመስመሩ ጎን የፈረንጁን ቀን በእርሳስ ጻፉ። ማይሉ ከጋራዡ ደረሰኞች ጋር በየመስመሩ ልክ ሆነ።

ሰውየው ገንዘቡን በባንክ ከፍሎ፣ ደብተሩንም አብረው እንዲሰጡት ጠየቀ። ወይዘሮዋ ኮፒውን ሰጡት፤ ደብተሩን ግን አስቀሩ። መኪናውን አስነሥቶ እስከ ጎማ ቤቱ ድረስ የመራው የሟች ወንድም ነበር። ሰውየው ረጅም መንገድ ከመጀመሩ በፊት አራቱንም ጎማ እዚያው አስቀየረ። ያን ዕለት ማታ ወይዘሮዋ ደብተሩን አውጥተው ከባላቸው ጽሕፈት ሥር ቀኑን፣ ማይሉንና «ጎማ ተቀየረ» የሚለውን በራሳቸው እጅ ጻፉበት።