የራዲያተር ዝቃጭና የነጋዴው ኪሳራ

ከግምጃ ቤት የተጫነ ድንች በእንጅባራ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አልፎ አዲስ አበባ እስኪደርስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በመካከሉም የዓባይን በረሃ ወርዶ ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ዳገት ይወጣል። ራዲያተሩ በዝቃጭ የተደፈነ መኪና በዚያ ዳገት ላይ ሲቆም የነጋዴው ገንዘብና የደንበኛው እምነት አብረው ይቆማሉ።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ አግዷል። እንግዲህ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና በደኅና መጠበቅ ብልህነት ነው።

ዝቃጩ ከሦስት ነገር ይመጣል። አንደኛው የወንዝ ውሃ ነው፤ አፈሩ ይዘቅጣል፣ ማዕድኑም ሲሞቅ በቱቦው ውስጥ ይጋገራል፣ ብረቱንም ዝገት ይበላዋል። ሁለተኛው የማይስማሙ የኩላንት ዓይነቶችን መቀላቀል ነው፤ እነዚህ አንዳንድ ጊዜ እንደ ሙጫ ይረጋሉ። ሦስተኛውና አስጊው የሞተር ዘይት ከውሃው ጋር ሲገናኝ ነው። ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ቅባት በራዲያተሩ አፍ ከታየ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም የዘይት ማቀዝቀዣው መበላሸቱን ያመለክታል።

እንግዲህ መንሥኤውን ሳይመረምሩ ራዲያተሩን ብቻ ማጠብ ገንዘብን በከንቱ መጣል ነው። ዘይት የሚያስገባው ቀዳዳ አስቀድሞ ይጠገን። ከዚያም ሞተሩ በርዶ ሳለ አሮጌው ፈሳሽ ይውጣ፤ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወርድ ድረስም ይታጠብ። ዘይት ያሳበጠው ማኒኮቶ ይለወጥ። እጥበት ያልበገረው የመዳብ ራዲያተር በባለሙያ ተከፍቶ ቱቦዎቹ ይጠረጉ። በመጨረሻም አንድ ዓይነት ኩላንት በአምራቹ መመሪያ መሠረት ለባትሪ ከሚጨመረው የተጣራ ውሃ ጋር ተመጥኖ ይሞላ። የወጣው ኩላንት ለሰውም ለእንስሳም መርዝ ነውና፣ ፈረስና ከብት በሚጠጡበት ምንጭ አጠገብ መድፋት ነውርም ጥፋትም ነው።

ለደጋው አገር ሌላም ምክንያት አለ። እንጅባራ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፣ በዚያ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ጉድለት የሚሸፍነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ከኩላንቱ ጋር ሆኖ ነው። ክዳኑ የላላበትና ተራ ውሃ የተሞላ መኪና ግን ለመፍላት ይቸኩላል። ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣልም ሞተሩን ከተገቢው ሙቀት በታች ያሠራዋል እንጂ የተደፈነውን ቱቦ አይከፍትም።

«ኩላንት ውድ ነው» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። እውነት ነው፤ ዋጋው ከወንዝ ውሃ ይበልጣል። ነገር ግን ሒሳቡ ሲሠራ ከኩላንቱ ጎን መጻፍ ያለበት የተጣመመ ቴስታታ ማስተካከያ፣ የጎታች መኪና ኪራይና በመንገድ የበሰበሰው ድንች ዋጋ ነው። ኩላንት እንደ ናፍጣና እንደ ጎማ ሁሉ ከማጓጓዣ ወጪ ሊቆጠር ይገባል።

ይህ ሁሉ ለባለመኪናው ብቻ የሚተው አይደለም። አስመጪው ኩላንቱ ሳይበረዝ የሚጨመር ወይም በውሃ የሚበረዝ መሆኑን በአማርኛ ጽፎ ያቅርብ። ባለሱቁም ቀለም የገባበትን ውሃ በኩላንት ስም ከመሸጥ ይከልከል፤ በእንዲህ ያለ ሽያጭ የተገኘ ትርፍ የዛሬ ብቻ ነውና። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጥንቃቄው መኪናው ከግምጃ ቤት ሳይነሣ ይጀመር።